ለገብረ ክርስቶስ መጽሐፍ ሰው እፈልጋለሁ

መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ ብላችሁ ለሰው ስትነግሩ፣ ከ«እንኳን ደስ ያለህ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሰው አለህ?» የሚል ነው። ስለ ምን እንደጻፋችሁ የሚጠየቀው ኋላ ነው፤ ያውም ከተጠየቀ። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅህ ሰው፣ መጽሐፍህን የሚረከብ አከፋፋይ፣ ቢቻል ደግሞ ስሙ የጀርባው ሽፋን ላይ ቢወጣ ገዢ የሚስብ ታዋቂ ሰው አለህ ወይ ማለቱ ነው።

እኔም ሰው እፈልጋለሁ። ግን ወዳጆቼ የሚያስቡልኝ ሰዎችና እኔ የምፈልጋቸው ሰዎች ለየቅል ናቸው። ሊያስተዋውቁኝ ደፋ ቀና የሚሉ ብዙ አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ወደ ማን ቢወስዱኝ እንደሚጠቅመኝ አንዴ በጽሑፍ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የተነሳሁት።

መጽሐፉ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ብዙ ሰው በሁለት ነገር ያውቀዋል። አንደኛው «አገሬ ውበት ነው» ብሎ የሚጀምረው ግጥሙ ነው። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና ላይ የሚጽፉ፣ መጽሐፍ በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጅየው በሃያዎቹ ዕድሜው ወደ ጀርመን ሄዶ ኮሎኝ ውስጥ ሥዕል ተማረ። ተመልሶ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቹን ሲያሳይ የተደነቀም፣ «ይሄ የኛ አይደለም» ያለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። አብዮቱ ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኬንያ በኩል ከአገር ወጣ፤ ጀርመን ገባ፤ ከዚያ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ይህን ሁሉ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። እኔን ቁጭ አድርጎ ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ የግጥም መድበል አላሳተመም። ዛሬ የምናነበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። በመሀል ያለውን ዘመን አስቡት። አብዮት፣ ፍተሻ፣ ስደት፣ የቤት መቀየር፣ የሰው መበተን። ግጥሞቹ እኛ ዘንድ የደረሱት ያልጣለ ሰው ስለነበረ ነው። ወረቀት ያስቀመጠ፣ ቃል በቃል የያዘ፣ ያነበበበትን የቴፕ ክር ያልደመሰሰ። የአማርኛ ግጥም ታሪክ ግማሹ ያለው የሆነ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ «ሰው አለህ?» የሚለውን ጥያቄ አልንቀውም። ገብረ ክርስቶስ ራሱ የተረፈው በሰው ነው።

የኔ መጽሐፍ የአድናቂ መጽሐፍ ነው። አልደብቅም። ለማዕረግ የተጻፈ ጥናት አይደለም፤ የግርጌ ማስታወሻውም ጥቂት ነው። የሥዕል ተማሪው አልነበርኩም፣ ዘመዱም አይደለሁም፣ እሱ ሲሞት እኔ ገና አልተወለድኩም። ያለኝ ነገር ግጥሞቹን ደጋግሜ ማንበቤ ብቻ ነው። አድናቂ ስለ ገጣሚ ሲጽፍ ሰው የሚጠብቀው ውዳሴ ነው፤ «ብርቅዬው»፣ «ዘመን ተሻጋሪው»፣ «የጥበብ ፈርጡ» የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሞልቷል። አንባቢውም ለምዶታል፤ ምረቃው ላይ ገዝቶ፣ አስፈርሞ፣ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል። እኔ ደግሞ ማድነቅ ማለት ጠጋ ብሎ ማየት ነው የሚመስለኝ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ በአንድ ስንኝ ዐሥራ ሁለት ቀለም ይይዛል፤ ቀለም የሚቆጠረው በፊደሉ ሳይሆን በአነባበቡ ነው። ስድስት ላይ ትንፋሽ ይወስድና ሌላ ስድስት ይጨምራል። ከልጅነታችን ጀምሮ በዘፈኑም፣ በለቅሶውም፣ በቀረርቶውም ጆሯችን ውስጥ የገባ ምት ነው። «አገሬ ውበት ነው» ብላችሁ ቁጠሩት። አ፣ ገ፣ ሬ፣ ው፣ በት፣ ነው፤ ስድስት ቀለም ነው። የወል ቤት እኩሌታ። ገብረ ክርስቶስ ይህን እኩሌታ ወስዶ ለብቻው አንድ መስመር ላይ አቆመው። ጆሮ የለመደውን የድሮ ምት ይሰማል፤ ዓይን ግን ያልለመደውን ቀጭን፣ ወደ ታች የሚወርድ ቅርጽ ያያል። ሲነበብ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ይይዘዋል። ሲታይ ደግሞ የሠዓሊ እጅ ይታይበታል። «ዘመናዊ ነው፣ ከባህል ያፈነገጠ ነው» የሚሉትም፣ «የአገር ፍቅር ገጣሚ ነው» ብለው የሚዘጉትም ይሄን አንድ ላይ አያነሱትም።

ሌላም ልጨምር። ብዙዎች ከ«አገሬ» አልፈው አያውቁትም። ግጥሙ በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮ፣ በበዓል መድረክ ብዙ ከመነበቡ የተነሳ ትንሽ ሳስቷል፤ ግጥሙ ሳይሆን አሰማማችን። ለእኔ ትልቁ ገብረ ክርስቶስ ያለው «የጠፈር ባይተዋር» ውስጥ ነው። ሰውየው ጋጋሪን ጠፈር የወጣበትን ዘመን የኖረ ነው፤ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ስለ ድል ሲጽፍ እሱ ስለ ባይተዋርነት ጻፈ። በዚያ ርቀት ላይ ሆኖ ብቸኝነትን መጻፍ የቻለ አማርኛ ከሱ በፊት ያለ አይመስለኝም። የማልወዳቸው ግጥሞችም አሉት። ሐሳቡ ቀድሞ ግጥሙ የሚከተልባቸው፣ ቤት ለመምታት ብቻ የመጡ ቃላት ያሉባቸው። መጽሐፌ ውስጥ ስማቸውን ጠርቼ ጽፌያቸዋለሁ። ይህ ነገር ኋላ ጣጣ ያመጣብኛል፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ኅትመቱ እንሂድ። በአገራችን መጽሐፍ ለማሳተም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ያትማል፤ የግል ማተሚያ ቤቶችም በየሰፈሩ አሉ። ሄደህ የገጹን ብዛት፣ የወረቀቱን ዓይነትና የኮፒውን ቁጥር ትነግራቸዋለህ፤ ፕሮፎርማ ይሰጡሃል። ፕሮፎርማው ቀኑ ሲያልፍ ዋጋው ይለወጣል፤ ወረቀቱም ቀለሙም በዶላር የሚገባ ነውና። ቅድሚያ ትከፍላለህ፣ ትጠብቃለህ። አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ይወጣል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በተዘዋዋሪ ፈንዱ የሚያሳትማቸው መጻሕፍት አሉ፤ ወረፋ ነው። አብዛኛው ደራሲ ግን የራሱ አሳታሚ ራሱ ነው። ከዕቁብ፣ ከብድር፣ ከወንድም ይለቅማል። ከዚያ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ቀሪውን መጽሐፉ ሲሸጥ ይከፍላል። ሲሸጥ የሚለው ቃል ሰፊ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ሰው» ብዙ አይረዳም። ማተሚያ ቤት ያለ ዘመድ ተራህን በሳምንት ቢያፈጥነው ነው፤ የወረቀቱን ዋጋ አይቀንሰውም። ለዚህ ነው «እገሌ እኮ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፣ ላገናኝህ» ሲሉኝ አመስግኜ ዝም የምለው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ሰውየው ሠዓሊም ነው። ስለ ግጥሙ ብጽፍም፣ ግጥሙን ያለ ሥዕሉ ማስረዳት አይቻለኝም። ስለ «ጎልጎታ» ሥዕሉ የጻፍኩት ምዕራፍ አለ፤ ስቅለቱን በዚያ ቀይ ያየ ሰው የግጥሞቹን ንዴት በሌላ ጆሮ ይሰማል። ጥቁርና ነጭ አድርጌ ባወጣው አንባቢ ምን ያያል? ባለ ቀለም ገጽ ደግሞ አርት ፔፐር ይፈልጋል፤ የመጽሐፉ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ባለ ቀለም ገጾች መሀል ላይ ሰብስቦ ማስገባት ይቻላል። ያም ሆኖ ሥዕሉን ለማተም የቅጂ መብቱ ባለቤት ፈቃድ፣ ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ሥዕሉ እጁ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥዕሎቹስ ማን ዘንድ ናቸው? ሙዚየም ውስጥ ያሉት አሉ። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አሉ። ውጭ አገር የቀሩም አሉ። እንግዲህ ሰው የሚያስፈልገኝ እዚህ ላይ ነው።

ግጥሙም እንደዚያው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን የገንዘብ መብት ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ገብረ ክርስቶስ ከሞተ ገና 50 ዓመት አልሞላውም። ሕጉ ምንጭ ጠቅሶ በልኩ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ሁለት ስንኝ አንስቼ ብተነትን የሚከሰኝ የለም። እኔ ግን አንዳንዶቹን ግጥሞች ሙሉውን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ስንኝ እየቆራረጡ ገጣሚን ማድነቅ ደስ አይልም። ለዚያ የመብቱን ባለቤት ማግኘት፣ ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ በጽሑፍ መፈራረም አለብኝ። ስም በስልክ ማውጫ ፈልገህ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ሟቹ ዘመድዎ መጽሐፍ ጽፌ ነበር» አይባልም። ይባላል፤ ግን ስልኩ ይዘጋል። ደግሞም ትክክል ናቸው።

ለምን ትክክል ናቸው? ምክንያቱም ከዚህ በፊት ብዙ ሰው መጥቷል። በኛ አገር ስመ ጥር ሰው የነበረበት ቤተሰብ ሁሉ አንድ ታሪክ አለው። «ዶክመንተሪ ልሠራ ነው» ብሎ ፎቶ ተውሶ የጠፋ፣ «ለኤግዚቢሽን ነው» ብሎ ደብዳቤ ወስዶ ያልመለሰ፣ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ያልተባለ ነገር የጻፈ። የሰማኋቸውን ብቻ ብጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ስለዚህ አዲስ መጪ በሩ ላይ ሲቆም የሚጠየቀው ስለ ችሎታው አይደለም። «ምን አስቦ ነው የመጣው?» ነው ጥያቄው። ይህን ደግሞ መጪው ራሱ ሊመልሰው አይችልም፤ ሌላ ሰው ነው የሚመልስለት። ሥራ ስትቀጠር ዋስ አምጣ እንደምትባለው ነው። ዋሱ ጥሩ ሠራተኛ መሆንህን አይመሰክርም። ዕቃ ይዘህ ብትጠፋ እኔን ያዙኝ ነው የሚለው።

አንድ አዛውንት ሠዓሊ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ያንን ዘመን የሚያውቁ። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። በራሴ ጊዜ ደውዬ፣ ቀጠሮ ይዤ፣ ሰዓቴን አክብሬ። በረንዳ ላይ ተቀበሉኝ።

«ምኑ ነህ?» አሉኝ።

«ምኑም አይደለሁም ጋሼ፤ አንባቢው ነኝ።»

«አንባቢው።» ቃሉን አፋቸው ውስጥ አዟዟሩት። «እና ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

ቡና አስመጡልኝ፣ ስለ ሰፈሬ ጠየቁኝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን፣ ስለ ገብረ ክርስቶስ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ሸኙኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። «እንግዲህ ሰሞኑን እንደዋወላለን» አሉኝ። የአዲስ አበባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ጥቂት ወራት አለፉና አንዲት የማውቃት አስተማሪ፣ እሳቸውን እንደ አባት የምታይ፣ ስልክ ደወለችላቸው። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ያ ልጅ የኔ ሰው ነው። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። ካጠፋ በኔ።» በማግስቱ ራሳቸው ደወሉልኝ። ያኔ ያወሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ገና «ይውጣ» አላሉም፤ ሳይሉ ከጻፍኩት ደግሞ የሚያፍረው ዋሴ ነው።

ይህቺ አስተማሪ ያደረገችልኝን ልብ በሉልኝ። ረቂቁን ሙሉውን አነበበች። የማይስማማትን በእርሳስ ጻፈችበት። ከዚያ በራሷ ስም ቆመች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ምስጋና ገጽ ላይ ስሜን አስገባ እንኳ አላለችኝም። ማስተዋወቅ እኔ እንደዚህ ሲሆን ነው የምፈልገው። ከዚህ ውጪ ያለው ማስተዋወቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከመጽሐፉ ነው።

እንዴት እንደሚከፈል ልንገራችሁ። አንድ ሰው ወደ አንድ ትልቅ ሰው ይወስድሃል። ትልቁ ሰው ደግ ናቸው፤ ሐሳቡን ወደዱት። «መቅድሙን እኔ እጽፍልሃለሁ» አሉ። ረቂቁን ልላክልዎ ስትል «አያስፈልግም፣ ገብሬን እኔ አውቀዋለሁ» ይላሉ። እሳቸው የሚያውቁትና አንተ የጻፍከው ይገጥም አይገጥም ማንም አልጠየቀም። መቅድሙ ሲመጣ ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቱ ስለ ጸሐፊው ስለ ራሳቸው ናቸው። አሁን አታወጣው ነገር እሳቸው ይቀየማሉ፣ ያገናኘህም ሰው ይቀየማል። ታወጣው ነገር መጽሐፍህ በሰው ልብስ ሠርግ ይሄዳል። ይህ የደረሰበት ወዳጅ አለኝ፤ ዛሬም ያንን መጽሐፍ ሲሰጥ ከገጽ 7 ጀምራችሁ አንብቡት ይላል።

ሌላው የሚያስተዋውቅህ ሰው ደግሞ የራሱን ገብረ ክርስቶስ ይዞ ይመጣል። ይህ ከመቅድሙ ይከፋል። አንዱ የአገር ፍቅር ሰንደቅ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ «አገሬ»ን ብቻ ጠርተህ እንድትዘጋ። ሌላው የአብዮቱ ሰለባ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ሥዕሉንም ግጥሙንም ትተህ ስደቱን ብቻ እንድታወራ። ሌላው ደግሞ አውሮፓ ያሠለጠነው ዘመናዊ ሰው ነው ይልሃል፤ ሐረርና የአባቱ ብራና እንዳይነሳበት። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን እያንዳንዱ በር ሲከፈትልህ «እንዲህ ብለህ እንድትጽፍ አደራ» የሚል ቃል አብሮ ይመጣል። አደራ ደግሞ ከባድ ነው። ውል ቢሆን ጠበቃ ይዘህ ትከራከርበታለህ።

ያልወደድኳቸውን ግጥሞች የጻፍኩበት ምዕራፍ ጣጣ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ያስተዋወቁኝ አንድ ሰው ረቂቁን አይተው «ግሩም ነው፣ ይህቺን ምዕራፍ ብቻ አውጣት፣ ቤተሰብ ይከፋል» አሉኝ። ቤተሰብ አልጠየቁም፤ ገምተው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሞተን ገጣሚ በጣም የሚጎዳው ሁሉም ግጥሙ እኩል ድንቅ ነው ሲባል ነው። ያኔ አንባቢው የትኛውን እንደሚያነብ አያውቅም፤ አንድ ሁለቱን በቃሉ ይይዝና ሌላውን ይተዋል። ምዕራፏ አትወጣም። ቤተሰቡን ሳገኝ ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ ከከፋቸው በነሱ አፍ ልስማው።

ስለ ውጭ አገሩ ደግሞ ለብቻው ላንሳ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቹ እዚያ ናችሁና። የገብረ ክርስቶስ የመጨረሻ ዓመታት ያሉት እናንተ ጋ ነው። ናይሮቢ፣ ጀርመን፣ ኦክላሆማ። ሎውተን ከፎርት ሲል የጦር ሠፈር አጠገብ ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ያኔ አሜሪካ ውስጥ የነበረው ኢትዮጵያዊ ከዛሬው ጋር አይወዳደርም። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ብዙው ሕዝባችን የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ዋሽንግተን ዛሬ የምናውቃት ዋሽንግተን አልሆነችም ነበር። አንድ ታላቅ ገጣሚ በዚያ ሜዳ መሀል በመጨረሻ ወራቱ ማንን ነበር አማርኛ የሚያወራው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል። መልሱ ያለው ምናልባት ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዳላስ ወይም ዴንቨር ወይም ሲያትል የሚኖሩ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ጋ ነው። እነሱ ደግሞ ፌስቡክ ላይ አይገኙም።

ዳያስፖራ ውስጥ መተዋወቅ እንደ አዲስ አበባ አይደለም፤ በቴሌግራም ድምፅ ነው የሚሄደው። «የአክስቴ ባል ያኔ ኦክላሆማ ነበር መሰለኝ» የሚል የአንድ ደቂቃ መልእክት ይመጣል። የአክስቱ ባል ቴክሳስ ሆነው ይገኛሉ። እሳቸው ደግሞ ሌላ ሰው ያስታውሳሉ። ሰዓቱ አይገጥምም፤ እነሱ ከሥራ ሲወጡ እኛ እንቅልፍ ላይ ነን። አንዳንዱ ለምን እንደምጠይቅ ይጠራጠራል፤ የዚያን ዘመን ስደተኛ ስለ ፖለቲካ ብዙ ተጠይቋልና አልፈርድበትም። እዚህም ዋስ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን አብሮ የሚያስቀድስ፣ ዕድር አብሮ የገባ፣ ለቅሶ አብሮ የደረሰ ሰው «ልጁን አውሩት» ቢላቸው ያወሩኛል።

እዚያ ለማሳተም የሚገፋፉኝም አሉ። ሎስ አንጀለስ ፀሐይ አሳታሚ አለ፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕይወት በእንግሊዝኛ የታተመው እዚያ ነው። ጥሩ አርአያ ነው፤ ገጣሚን ወዶ፣ ጊዜ ወስዶ መጻፍ እንደሚቻል ያሳያል። የኔው ግን በአማርኛ ነው፣ የስንኝ ቆጠራውም በአማርኛ ጆሮ ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ እዚህ፣ ቴአትር ቤቶቹ አጠገብና ለገሃር በየመንገዱ ዳር መጽሐፍ የሚዘረጉት ልጆች ጋ ቢደርስ እመርጣለሁ። ጀርመንኛው፣ እንግሊዝኛው ኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ የምፈልገውን ልዘርዝር።

በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ያስተማረ፣ ወይም ዘበኛም ሆኖ ቢሆን እዚያ ግቢ የዋለ ሰው ካወቃችሁ አገናኙኝ። ስለ ሥዕል እንዲያስረዱኝ አይደለም። ሰውየው ክፍል ውስጥ ግጥም ያነብ ነበር ወይ? በምን ድምፅ? ይህን ነው የምጠይቃቸው። ሲያነብ የተቀረጸ ድምፁ አለ፤ እሱን ሰምቻለሁ። ካሜራም መቅረጫም በሌለበት እንዴት ያወራ እንደነበር ግን የሚነግረኝ በጆሮው የሰማው ሰው ብቻ ነው።

ሥዕሉን ቤታቸው የሰቀሉ ሰዎች ካወቃችሁ ስማቸውን አትንገሩኝ። ቀድማችሁ ጠይቋቸው። አድራሻቸውን አልጽፍም፣ ፎቶም ሳይፈቅዱ አላነሳም። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ባየው ይበቃኛል፤ ለመጽሐፉ ከፈቀዱልኝ ደግሞ በወረቀት እንጨርሰዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 ኦክላሆማ የነበራችሁ፣ ወይም የነበረ አባትና እናት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ለነገ አታሳድሩት። ከዚያ ዘመን ሰዎች ውስጥ ስንቱን በዚህ ዓመት ብቻ እንደቀበርን ታውቃላችሁ። ኮሎኝና አካባቢው ያላችሁም እንደዚሁ፤ ከሱ ጋር ባይሆን እንኳ ያኔ ጀርመን ከነበሩት አበሾች ጋር የተዋወቀ ሽማግሌ አይጠፋም።

የምታስተዋውቁኝ ሰዎች ፊት በስማችሁ እንደምቆም አውቃለሁና፣ ከማገናኘታችሁ በፊት ረቂቁን እልክላችኋለሁ። አንብባችሁ ካልወደዳችሁት አታገናኙኝ። ቅር አይለኝም። ያቺን ግጥሞቹን የወቀስኩባትን ምዕራፍ ግን አትዝለሏት፤ እሷን አንብቦ «ይሁን» ያለ ሰው ነው ዋስ ሊሆነኝ የሚችለው።

ማተሚያ ቤት የምታውቁ ሰዎች፣ አመሰግናለሁ፤ ፕሮፎርማው እጄ ላይ አለ፣ ዋጋውንም አውቄ ደንግጬ ጨርሻለሁ። መቅድም ልጻፍልህ የምትሉኝም አትቸኩሉ። መጀመሪያ «እስኪ ረቂቁን ላክ» በሉኝ።